የማን እራት? የትልልቅ የእሳት እራቶችና የስም አውጪዎቻቸው ታሪክ

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ማታ ማታ ትንንሾቹን በምናስጠናበት ክፍል አንዲት ትልቅ ቡናማ ነገር በመስኮት ገብታ አምፖሉን መዞር ጀመረች። ልጆቹ «ፓርፓር! ፓርፓር!» እያሉ ተነሡ። የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በር ላይ የቆሙ አንዲት እናት «ኧረ የእሳት እራት ናት፣ መብራቱን አጥፉላት» አሉን። ከልጆቹ አንዱ ቃሉን በዕብራይስጥ ካስተረጎመ በኋላ ትንሽ አሰበና «እሳት እራት ይበላል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን አልለቀቀንም፤ ለዘንድሮው መጽሔት ምን እንጻፍ ስንባባል ወደ እሷው ተመለስን።

በአማርኛ ስሟን ያገኘችው ከአሟሟቷ ነው። በዕብራይስጥ ደግሞ «ዓሽ» ይባላል፤ በኢዮብና በኢሳይያስ መጽሐፍ የምናነበው ዓሽ ግን ልብስ የሚበላው፣ እኛ ብል የምንለው ነው። አንዱ ቋንቋ በምትሞትበት፣ አንዱ በምታጠፋው ለይቷታል። ታዲያ ሳይንቲስቶቹስ በምን ለዩዋት? ስሙንስ ማን አወጣው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ አንድ ነገር እናንሣ። ትልቅነት ለብቻው ወገን አይሆንም። በሞቃታማ አገሮች ደን ውስጥ የሚኖሩት ግዙፎች ከተለያየ ቤት የወጡ ናቸው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያለችው አትላስ ክንፏ ሲዘረጋ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በኒው ጊኒና በሰሜን አውስትራሊያ ያለችው ሄርኩለስ በክንፍ ስፋት ከሁሉም ትበልጣለች ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ሳተርኒዴ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ እራቶች ካደጉ በኋላ አይበሉም፤ የሚበላ አፍም የላቸውም። ትል ሳሉ ባጠራቀሙት ስብ አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ኖረው፣ እንቁላል ጥለው ያልፋሉ። መቼም ስማቸው «እራት» ሆኖ እነሱ እራት የሌላቸው መሆናቸው ያስገርማል። የደቡብ አሜሪካዋ አግሪፒና ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለቱም ትረዝማለች፤ እሷ ግን ከሌላ ቤተሰብ ናት። ሦስተኛው ቤት ስፊንክስ የሚባሉት ነው፤ በአየር ላይ ቆመው በረጅም ምላስ የአበባ ማር የሚመጡ ፈጣን በራሪዎች ናቸው። ዛሬ ከሳተርኒዴ ቤተሰብ ከ3000 በላይ፣ ከስፊንክሶቹ ከ1400 በላይ ዝርያዎች ስም ወጥቶላቸዋል።

ታሪኩን ከማሪያ ሲቢላ ሜሪያን መጀመር ይሻላል። በ1647 ፍራንክፈርት ተወለደች፤ በ13 ዓመቷ የሐር ትል እያሳደገች መሳል ጀመረች። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ትል ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር እንዲያው ይፈጠራል ብሎ ያምን ነበር። እሷ ግን እንቁላሉን፣ ትሉን፣ ትሉ ተሸፍኖ የሚተኛበትን ጎጆና በራሪዋን ከሚበሉት ቅጠል ጋር በአንድ ገጽ ላይ ሣለች። በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ሴት ልጇን ይዛ በመርከብ ወደ ሱሪናም ሄደች። ሱሪናም ያኔ በባሮች ጉልበት ስኳር የሚመረትባት የኔዘርላንድ ቅኝ ግዛት ነበረች። ባለ እርሻዎቹ ከስኳር ሌላ ነገር ፍለጋ መጣች ብለው ይሣለቁባት እንደነበር ራሷ ጽፋለች። በ1701 ታማ ተመለሰች፤ በ1705 ስድሳ ሥዕሎች ያሉበትን መጽሐፏን አምስተርዳም ላይ አሳተመች።

ይህ መጽሐፍ የሚጠቀሰው በሥዕሎቹ ውበት ነው። እኛን የያዘን ግን ከሥዕሎቹ ጎን የተጻፈው ነው። በደኑ ውስጥ መንገድ በመጥረቢያ እየቆረጡ ያሳለፏት ባሮች ነበሩ፤ ትል ያመጡላት፣ የትኛው ተክል ለምን እንደሚሆን የነገሯት የአገሩ ሰዎችና ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ሴቶች ነበሩ። ሜሪያን ይህን አልደበቀችም። ስለ አንድ ቀይና ቢጫ አበባ ስትጽፍ፣ ባሪያ የሆኑ ሴቶች ልጆቻቸው ባሪያ ሆነው እንዳይወለዱ በዘሩ ጽንስ እንደሚያስወርዱ፣ ይህንንም ከራሳቸው አፍ እንደሰማች መዝግባለች። ስለ ትልና ስለ አበባ በሚያወራ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እናገኛለን ብለን አልጠበቅንም። አንብበነው ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ሜሪያን ስትመለስ አንዲት የአገሩን ተወላጅ ሴት ይዛ ወደ አምስተርዳም ሄዳለች፤ ለመጽሐፉም ረድታታለች። የሴትዮዋ ስም በመጽሐፉ ውስጥ የለም። «የእኔ ሕንዳዊት» ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስም የማውጣቱ ሥራ ወደ አውሮፓ ጠረጴዛ ዞረ። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ ባለ ቅርፊት ክንፎቹን ሁሉ በቀንዳቸው ቅርጽ እያየ በሦስት ከፈላቸው፤ የቀን ቢራቢሮዎቹን ፓፒሊዮ፣ ረጅም ክንፎቹን ስፊንክስ፣ የቀሩትን ሁሉ ፋሌና አለ። አትላስን የሰየመው እሱ ነው፤ በግሪክ ተረት ሰማይን በተሸከመው ግዙፍ ስም። ሊኔየስ ሞቃታማ አገር ረግጦ አያውቅም፤ ብዙዎቹን የገለጻቸው ከሜሪያን ሥዕሎች ጭምር እያየ ነበር። አግሪፒናን ደግሞ ፒተር ክራመር የሚባል የአምስተርዳም ነጋዴ በ1776 በአንዲት የሮማ እቴጌ ስም ጠራት።

አሁን ወደ ማዳጋስካር እንሂድ። በጥር 1862 ቻርልስ ዳርዊን ከዚያች ደሴት የመጣ ነጭ የኦርኪድ አበባ በፖስታ ደረሰው። አበባው እንደ ጅራት የተንጠለጠለ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ አለው፤ ማሩ ያለው ከታች ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ይህን ማን ይመጣል? ዳርዊን በዚያው ዓመት ባወጣው መጽሐፍ፣ በማዳጋስካር ምላሷ 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚዘረጋ እራት መኖር አለባት ብሎ ጻፈ። ሣቁበት። በ1867 አልፍሬድ ራስል ዋላስ ተነሣና በሙዚየም ያሉትን ምላሶች ለካ፤ የደቡብ አሜሪካዋ 23 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ፣ ከአፍሪካ የመጣችው ሞርጋኒ የምትባል ስፊንክስ 19 ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ወደ ማዳጋስካር የሚሄድ ሰው፣ የከዋክብት ተመራማሪዎች ኔፕቱንን እንደፈለጉት ሁሉ እርግጠኛ ሆኖ ይፈልጋት አለ።

የተገኘችውን የሰየሟት ሰዎች ጋ ስንደርስ ደግሞ የምናውቀው ስም ገጠመን። በትምህርት ቤት ሁላችንም የባልፎርን መግለጫ ተምረናል፤ ኅዳር 2 ቀን 1917 የተጻፈው ደብዳቤ የሚጀምረው «ውድ ሎርድ ሮትሽልድ» ብሎ ነው። ለባግሩት ስናጠና ይህ ሎርድ ማን እንደሆነ የነገረን የለም። ዋልተር ሮትሽልድ በቤተሰቡ ባንክ ውስጥ ያለ ፍላጎቱ ይሠራ የነበረ፣ በሜዳ አህያ በሚጎተት ሠረገላ ለንደን ውስጥ የነዳ፣ ልቡ ግን ትሪንግ በምትባል ከተማ ባቆመው የእንስሳት ሙዚየም የነበረ ሰው ነው። ሲሞት በ1937 ለብሪታንያ ሙዚየም ያወረሰው የቢራቢሮና የእሳት እራት ስብስብ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ ቤተሰብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የፈረንሳዩ ባሮን ኤድሞን ደ ሮትሽልድ፣ የቴል አቪቩ ሽዴሮት ሮትሽልድ የተሰየመለት፣ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ቤተ እስራኤልን ለማየት ወደ ኢትዮጵያ ሲሄድ ወጪውን የረዳ ነው። በዚያው በ1904 እና 1905 የኤድሞን ልጅ ሞሪስ ራሱ ኢትዮጵያ ነበር፤ እሱ የሄደው አራዊትና ነፍሳት ሊሰበስብ ነው። አባት ሰው ሊያስፈልግ ላከ፣ ልጅ ነፍሳት ሊፈልግ ሄደ።

ወደ ትሪንግ እንመለስ። ዋልተር ሮትሽልድ ካርል ጆርዳን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ቀጥሮ ነበር። ሁለቱ በ1903 የስፊንክሶችን ቤተሰብ በሙሉ እንደገና ፈትሸው አወጡ። አሠራራቸው ከቀድሞው ይለያል። ድሮ አንድ ሰብሳቢ አንዲት እራት ያገኝና ክንፏ ትንሽ ከጠቆረ አዲስ ዝርያ ናት ብሎ ስም ይሰጣል። እነሱ ግን ከየአገሩ የመጡትን በረጅም ረድፍ እየደረደሩ፣ የመራቢያ አካላቸውን እየከፈቱ አመሳከሩ። በመልክ የሚለያዩ፣ ግን በአገር ብቻ የተራራቁ ከሆኑ፣ ዝርያቸው አንድ ነው፤ ንዑስ ዝርያ እንበላቸው አሉና ሦስተኛ ስም ጨመሩላቸው። የማዳጋስካሯን እራትም የአፍሪካዋ ሞርጋኒ ንዑስ ዝርያ አድርገው «ፕሬዲክታ» አሏት፤ የተተነበየችው ማለት ነው። ዳርዊን ከሞተ 21 ዓመት ሆኖት ነበር። እራቷ ከዚያ አበባ ስትመጥ ፎቶግራፍ የተነሣችው ደግሞ በ1990ዎቹ ነው።

ይህች ሦስተኛ ስም እኛ መካከል ብዙ አከራከረችን። ከእኛ አንዷ «የአንዱ ጭራ አድርገው መዘገቧት» አለች፤ ሌላው «ኧረ ዘመድ አገኙላት እንጂ» አለ። ክርክሩ ስለ እራት ብቻ እንዳልነበረ ሁላችንም ገብቶናል። ወላጆቻችን እዚህ ሲደርሱ ስማቸው በጠረጴዛ ላይ በዕብራይስጥ ስም የተተካባቸው ብዙ ናቸው፤ ከመካከላችን በመታወቂያና በቤት የተለያየ ስም ያለን አለን። ጉዳዩ ግን በ1903 አልተዘጋም። በ2021 ተመራማሪዎች የዘረመሉን፣ የመልኩንና የምላሱን ልዩነት አይተው ፕሬዲክታን ራሷን የቻለች ዝርያ አደረጓት። አንዷ የተለካችበት ምላስ 28 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ነው፤ በነፍሳት ሁሉ የታወቀው ረጅሙ። አግሪፒናም ብትሆን ለረጅም ዘመን ከኖረችበት ቤተሰብ በዚህ ክፍለ ዘመን በዘረመል ምርመራ ወጥታ ኤረቢዴ ወደሚባለው ተዛውራለች።

ሮትሽልድም በስሙ የተጠራ ወገን አለው። በ1896 የአሜሪካ ትልልቅ ሳተርኒዴዎች፣ ክንፋቸው ላይ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ያላቸው፣ «ሮትሽልዲያ» ተባሉ። በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ የያኪ ሕዝብ ጨፋሪዎች የእነዚህን እራቶች ባዶ የሐር ጎጆ ለቅመው፣ ጠጠር ጨምረውበት፣ በክር አያይዘው እንደ ሻኩራ እግራቸው ላይ ይጠመጥሙታል። ሲረግጡ ያንሿሿል። እራቷን በትሪንግ መሳቢያ ውስጥ ያዩዋት ሰዎችና በእግራቸው የሚያሰሟት ሰዎች ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፤ በመጽሐፉ የገባው ግን የአንደኛው ወገን ስም ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድነውን ወደ መጨረሻ አስቀርተነዋል። በኮስታ ሪካ፣ ጓናካስቴ በሚባለው ጥብቅ ደን፣ ዳንኤል ጃንዘንና ዊኒ ሃልዋክስ የሚባሉ ባልና ሚስት ሳይንቲስቶች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትል ከቅጠል እያስለቀሙ ያሳድጋሉ፤ ልክ እንደ ሜሪያን። ሥራው ሲሰፋ የአካባቢውን ሰዎች፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ የገጠር ወንዶችና ሴቶች፣ አሠልጥነው በደመወዝ ቀጠሩ። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ደን ገብተው ትሉን ከነቅጠሉ ያመጣሉ፣ በላስቲክ ከረጢት ያሳድጋሉ፣ እስክትበር ይጠብቃሉ። ከ1775 ጀምሮ አንድ ዝርያ ትባል የነበረች አንዲት የቀን በራሪ፣ ትሎቿ በተለያየ ቅጠል ላይ እንደሚያድጉና መልካቸውም እንደሚለያይ ተመዝግቦ ስለነበር፣ በ2004 የዘረመል ምርመራ ሲጨመርበት አሥር ዝርያ ሆና ተገኘች። በእሳት እራቶቹም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ ታይቷል፤ በሳተርኒዴዎቹ ጭምር።

ለእያንዳንዱ ትል አንድ መዝገብ ይከፈታል። መዝገቡ ላይ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ስፍራው፣ ይበላ የነበረው ተክል ይጻፋል፤ ከነዚህም ጋር ትሉን ከደን ያገኘው ሰው ስም አለ።