አንድ ቅጠል፣ ሦስት ቀን፣ ሁለት ከተማ

ለጥናት የተለቀመ ተክል በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ከደረቀ በኋላ ጠንካራ ወረቀት ላይ ይሰፋል ወይም ይለጠፋል። ከግርጌው የለቃሚውን ስም፣ ተራ ቁጥሩን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን የምትናገር መግለጫ ትኖራለች። ቀኑ «12/1/1970» ይላል እንበል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መስከረም 12 ነው፤ አደይ አበባ ሜዳውን ያለበሰበት ሰሞን። ያው ወረቀት ለንደን ሲደርስ ጃንዋሪ 12 ተብሎ ይነበብና በጥር መባቻ የተለቀመ ይሆናል። ወሩን አስቀድሞ የሚያነበው አሜሪካዊ ደግሞ ዲሴምበር 1 ይለዋል። በሁለቱም ንባብ ናሙናው ሰባት ዓመት ያህል ያለዕድሜው ያረጃል፣ በመስከረም የምታብበው ተክልም በበጋ የምታብብ ሆና ትመዘገባለች።

የቦታውም ነገር ከዚህ አይሻልም። ከአምቦ ተነስቶ ጉደርን አልፎ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ የጨሊያ ወረዳ ዋና ከተማ ጌዶ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው ደጋማ ደን ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የሚመላለሱበት ነው። በንጉሡ ዘመን ከዚያ ደን ናሙና የወሰደ ሰው አቅጣጫውን ሲጽፍ «ከሐገረ ሕይወት በስተምዕራብ፣ ሸዋ ጠቅላይ ግዛት» ቢል ትክክል ነበር። አምቦ ያኔ የምትጠራው ሐገረ ሕይወት ተብላ ነው፤ አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት እንደተባሉት። የዛሬ ተማሪ ሐገረ ሕይወትን ካርታ ላይ ቢፈልግ አያገኛትም። ሸዋም ጠቅላይ ግዛት መሆኑ ቀርቷል፤ ጌዶ አሁን በኦሮሚያ ክልል በምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ ናት።

የአገሪቱ የብዝኀ ሕይወት መዝገብ ታሪክ በአብዛኛው እንዲህ ያሉትን ንባቦች የማስታረቅ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በባዕዳን እጅ ነበር። ጀርመናዊው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ትግራይ ገብቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት ለቅሟል። አንዱን ተክል በብዙ ቅጂ አድርቆ ይልክ ነበር፤ ኤስሊንገን የነበረው የዕፅዋት ለቃሚዎች ማኅበርም አንድ ዓይነት ቁጥርና አንድ ዓይነት የታተመ መግለጫ ሰጥቶ ገንዘብ ላዋጡ ያከፋፍለው ነበር። ስለዚህ ፓሪስ ያለ ሊቅ ቁጥሩን ብቻ ጠቅሶ በርሊን ካለ ባልደረባው ጋር ስለ አንድ ተክል መነጋገር ይችል ነበር። ቁጥሩ አገናኛቸው፤ ናሙናዎቹ ግን የተቀመጡት አውሮፓ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊው ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) በ1959 በከተማዋ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥር ሲቋቋም ለቀማው አገር ውስጥ ማደሪያ አገኘ። በ1980 ደግሞ የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች በስዊድን ድጋፍ የአገሪቱን ዕፅዋት በመጽሐፍ የሚዘረዝረውን የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ጀመሩ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ስዊ ኤድዋርድስና ሰብስቤ ደምሰው ስማቸው ከሥራው ጋር የሚነሳ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1989 ታተመ፣ የመጨረሻው በ2009። ስምንቱ ቅጾች ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን ይዘዋል።

ሥራው በመካሄድ ላይ እያለ አገሪቱ መንግሥት ለወጠች፣ የአስተዳደር ወሰኗ ተከለሰ፣ ኤርትራም ነጻ ወጣች። የመጽሐፉ ርዕስ «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» ሆነ። አካባቢዎቹን የሚያመለክቱት የሁለት ፊደል ምልክቶች ግን አልተነኩም። በቀድሞዎቹ ክፍላተ ሀገር ላይ ተመሥርተው ስለተሠሩ ሸዋ እስከ መጨረሻው «ኤስ-ዩ» ሆኖ ዘለቀ። አዘጋጆቹ በየአዋጁ ምልክቱን ቢለዋውጡ ኖሮ የ1989ኙን መጽሐፍ ከ2009ኙ ጋር ማመሳከር አይቻልም ነበር። ለአስተዳደር ያረጀው ወሰን ለዕፅዋቱ መዝገብ ጠቀመ።

ዘር የሚያስቀምጡት ሰዎችም የራሳቸው ጣጣ ነበረባቸው። የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ በ1976 በጀርመን ድጋፍ ተቋቋመ። ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአርሶ አደሩን ነባር ዝርያ በማሳው ላይ ጭምር በመጠበቅ ሥራቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ዘር በሚቀመጥበት ጂን ባንክ ውስጥ አንድ እፍኝ ገብስ «ፓስፖርት» አለው፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በስንት ሜትር ከፍታ እንደሰበሰበው፣ ገበሬው ምን ብሎ እንደሚጠራው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና አጋሩ ባወጡት የጋራ ዝርዝር ቀኑ በስምንት አሃዝ ይጻፋል፤ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ከዚያ ቀኑ። የናሙናው ዓይነትም በቁጥር ይገለጻል፦ የአርሶ አደር ነባር ዝርያ 300፣ የዱር ዘር 100 ነው። ሰንጠረዡን የሚያነበው ሰው አማርኛም ኦሮምኛም ባያውቅ ከፊቱ ያለው የገበሬ ገብስ መሆኑን ያውቃል።

ለዕፅዋት መረጃ የጋራ ደንብ ለመቅረጽ በ1985 የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ያቋቋሙት ቡድን ደግሞ በ2009 ለሁሉም ዓይነት ናሙና የሚሆን «ዳርዊን ኮር» የተባለ የቃላት ዝርዝር አጸደቀ። ዋናው ብልሃቱ ሁለት ሣጥን ማስቀመጡ ነው። በአንዱ የተስተካከለው ቀንና በኬክሮስና በኬንትሮስ የተገለጸው ቦታ ይገባል፣ በሌላው ደግሞ ለቃሚው እንደጻፈው የቀረው ቃል። «12/1/1970» ሳይሰረዝ «1977-09-22» አጠገቡ ይቆማል። ሐገረ ሕይወትም በክብሯ ትቀመጣለች።

የጋራ ደንብ እንጀራን እንዴት እንደሚጠብቅ ለማየት ወደ አምቦ መመለስ ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ከተቋቋመው የዕፅዋት በሽታ ላቦራቶሪ ያደገው የምርምር ማዕከል የስንዴ ግንድ ዋግን ዘሮች ይለያል። ከየማሳው የመጣው ዋግ በተጋላጭ ስንዴ ላይ ይባዛል፣ ከዚያም የታወቀ የመቋቋም ባሕርይ ባላቸው 20 የስንዴ ዓይነቶች ቡቃያ ላይ ይረጫል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለሙያው ቅጠሉን አይቶ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ 3ና 4 ስንዴው መሸነፉን ያሳያሉ። ስንዴዎቹ በአራት በአራት ተመድበው ለየምድቡ አንድ ፊደል ይወጣል። አራቱም ከተሸነፉ «ቲ»፣ አራቱም ከቻሉ «ቢ»፣ የመጀመሪያው ብቻ ከቻለ «ኬ»። አምስቱ ፊደላት የዋጉ ስም ናቸው።

በ1998 ኡጋንዳ ላይ ተገኝቶ «ዩጂ 99» የተባለው አደገኛ ዋግ በዚህ ስልት «ቲ-ቲ-ኬ-ኤስ-ኬ» ነው። በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ይህን ዋግ ይቋቋማል ተብሎ በስፋት የተዘራው «ዲገሉ» የተባለ ስንዴ በ2013 በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ሲመታ ዩጂ 99 የከፋ ሊመስል ይችል ነበር። የፊደላቱ ንባብ ግን «ቲ-ኬ-ቲ-ቲ-ኤፍ» የተባለ ሌላ ዘር መሆኑን አሳየ። በአሜሪካ የሚኒሶታ ተመራማሪዎችም የአምቦዎቹም የሚጠቀሙበት ፊደል አንድ ስለሆነ የትኛው ስንዴ መተካት እንዳለበት መነጋገር ተቻለ።

ደን ገብቶ የመልቀምና የመመዝገብ ሥራ ግን አሁንም የሰው ነው። በምዕራብ ሸዋ ደን ውስጥ አማርኛ ተናጋሪው ዝግባ የሚለውን ገበሬው ብርብርሳ ይለዋል፣ የሳይንሱም መጠሪያ ከፖዶካርፐስ ወደ አፍሮካርፐስ ተዛውሯል። ጌዶ ደን ገብቶ ናሙና የሚለቅም ተማሪ የአገሩን ስም ከነቋንቋው፣ ቀኑን ከነአቆጣጠሩ፣ ቦታውን በስልኩ ጂፒኤስ ይጻፍ፤ አንዱን ቅጂም ለብሔራዊው ሄርባሪየም ያስረክብ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።