ሰውን ያከበረው ማን ነው? ዓለማዊ ሰብአዊነት በታሪክ ሚዛን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዓመት በዩኒቨርሲቲ ዶርም አብሮኝ የሚኖር አንድ ወንድም ጥያቄ አቀረበልኝ። በልጅነቱ በሰንበት ትምህርት ቤት እየዘመረ ያደገ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ከተወ ግን ሰንብቷል። «ዲያቆን፣ ሰውን ለመውደድ እግዚአብሔር ለምን ያስፈልገኛል? ሰው ሰው ስለ ሆነ ብቻ አይከበርምን?» አለኝ። በዚያች ሌሊት ከጥቅስ በቀር የመለስኩለት አልነበረም፤ ጥቅሱን ደግሞ እርሱም ያውቀዋል። ይህች ጽሑፍ ዘግይታ የመጣች መልስ ናት። ተመሳሳይ ጥያቄ በእናንተም ዘንድ አለና አብረን እንመርምረው።

ዓለማዊ ሰብአዊነት፣ ብዙዎች ሴኩላር ሂዩማኒዝም የሚሉት፣ ሰውን የነገር ሁሉ መለኪያ የሚያደርግ አስተሳሰብ ነው። መልካሙን ከክፉው ለመለየት የሰው አእምሮ ብቻውን ይበቃል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ 34 ሰዎች ፈርመው ያወጡት የሂዩማኒስቶች ማኒፌስቶ ከታወቁት መግለጫዎቹ አንዱ ነው፤ ሥሩ ግን ከዚያ የቆየ ነው። ዛሬ ስሙን ሳይናገር በፊልሙ፣ በማኅበራዊ ሚዲያውና በጓደኛሞች ጨዋታ መካከል ይገባል። ሰውን አክብሩ ማለቱ መልካም ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ይህ ክብር ከወዴት መጣ? ከምንጩ ሲለይስ ምን ይሆናል?

ሰው ሁሉ ክቡር ነው የሚለው ሐሳብ ለጥንቱ ዓለም ግልጽ አልነበረም። በሮም ግዛት ያልተፈለገ ሕፃን ሜዳ ላይ ይጣል ነበር፤ ባሪያ እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ሰው ከሰው ጋር እስከ ሞት ሲጋደል ሕዝብ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል መፈጠሩን፣ ከዚያም በላይ አካላዊ ቃል የእኛን ሥጋ መዋሐዱን ሰበከች። ስብከቱም ሥራ ወለደ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ አጠገብ ድሆች የሚጠለሉበት፣ ሕሙማን የሚታከሙበት፣ ሰው የሸሻቸው ለምጻሞች የሚስተናገዱበት ሰፊ ተቋም አቆመ። ወንድሙ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የእግዚአብሔርን አምሳል በገንዘብ ሊገዛ የሚችል የለም በማለት የባሪያ ጌቶችን በግልጽ ገሠጸ። በሰማዕቱ ቅዱስ መርቆሬዎስ ሥዕል ላይ ወድቆ የምናየው ዑልያኖስ ከሃዲ እንኳ ለጣዖት ካህን በላከው ደብዳቤ ክርስቲያኖች ከራሳቸው ድሆች አልፈው የአረማውያኑንም እንደሚመግቡ እያፈረ መስክሯል።

አሁን ወደ ፈረንሳይ እንሻገር፤ የሰው ክብር ከምንጩ ሲለይ የሆነው በዚያ ጎልቶ ይታያልና። እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 1789 የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ የሰውና የዜጋ መብቶች መግለጫን አጸደቀ። ሰዎች ሁሉ ነፃና በመብት እኩል ሆነው እንደሚወለዱ አወጀ፤ በ9ኛው አንቀጽም ማንም ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ደነገገ። ይህን አንብቦ የማይደሰት ክርስቲያን የለም። የመግለጫው መቅድም አንድ ልዑል ኃይልን ይጠራል፤ ያ ኃይል ግን ፈላስፎቹ ከዓለም አርቀው ያስቀመጡት እንጂ ሰው የሆነው አምላክ አልነበረም።

ዓመታት ሳይቆጠሩ ያም ስም ከበዳቸው። በ1793 መገባደጃ ላይ አዲስ የዘመን አቆጣጠር ወጣ። አሥራ ሁለት ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን፣ በመጨረሻም 5 ወይም 6 ተረፈ ቀናት ነበሩት፤ በአወቃቀሩ የእኛን አቆጣጠር ይመስላል። ነገር ግን የሰባት ቀኑ ሳምንት ቀርቶ በአሥር ቀን ተተካ፤ ሰንበትም ከዚህ ጋር ተሰረዘች። በቅዱሳን ስም ይታሰቡ የነበሩት ዕለታት የአትክልት፣ የእንስሳትና የእርሻ መሣሪያ ስም ተሰጣቸው። እኛ 12 ስንል ሚካኤልን፣ 21 ስንል እመቤታችንን እንደምናስብ አስታውሱና የተወሰደባቸውን መዝኑ። ኖቬምበር 10 ቀን በፓሪስ ኖትርዳም ካቴድራል ውስጥ የአእምሮ በዓል ተከበረ፤ እግዚአብሔር ይመለክበት በነበረው ቤት ነፃነትን የምትወክል ሴት ተቀምጣ ተዘመረላት።

በዚህ ጊዜ የሰው ክብር ከፍ አለን? ስለ ሴቶች መብት መግለጫ የጻፈችው ኦሊምፕ ደ ጉዥ ከዚያ በዓል አንድ ሳምንት ቀደም ብላ በጊዮቲን አንገቷ ተቀልቷል። ጁን 10 ቀን 1794 የወጣው ሕግ በአብዮታዊው ፍርድ ቤት የሚከሰሱት ጠበቃ እንዳይኖራቸው ከለከለ፤ ፍርዱም ነፃ መውጣት ወይም ሞት ብቻ ሆነ። ከ9ኛው አንቀጽ እስከዚህ ሕግ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ጁላይ 17 ቀን የኮምፒየኝ ገዳም 16 ሴቶች እየዘመሩ ወደ መግደያው ወጡ። በዚያ የሽብር ዘመን በፍርድ ስም የተገደሉት ወደ 17 ሺህ ይጠጋሉ። ለአዲሱ አቆጣጠር የወራቱን ስም ያወጣው ፋብር ዴግላንቲንም በዚያው ስለት አለፈ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። የፈረንሳይ ሕዝብ በቤተ ክህነቱ ላይ የተቆጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ገበሬው አሥራት እየከፈለ ሲራብ ከፍተኛው የክህነት ሥልጣን በመኳንንት ልጆች እጅ ነበር። የክርስቲያኖች በደል ለክህደት በር ይከፍታል፤ ይህን ስንክድ ታሪክን አንማርም። ዛሬም ብዙ ሂዩማኒስቶች ያን ግድያ ይጠሉታል፤ ሰውን በቅንነት የሚረዱም አሉ። ነቀፌታችን በሰዎቹ ላይ አይደለም፤ በቆሙበት መሠረት ላይ ነው። የሰውን ክብር ሰጪው መንግሥት ወይም የብዙኃን ድምፅ ከሆነ፣ የሰጠ እጅ ሊነሣ ይችላል። የእግዚአብሔር አርአያ ግን ማንም ጉባኤ ያልሰጠው ነውና ማንም ጉባኤ አይሽረውም።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ፎየርባኽ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው መጽሐፍ አምላክ የሰው የራሱ ባሕርይ ነጸብራቅ ነው አለ፤ ማርክስም ከእርሱ ተማረ፤ የማርክስ ትምህርት ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ገባ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች ለድሃው ያዘኑ ነበሩ፤ ኀዘናቸውም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ሰው ከአርአያው ተለይቶ በመደብ ሲመዘን፣ ለድሃው የጮኸው ወጣት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ሬሳው በጎዳና ላይ ተጣለ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ።

እንግዲህ ለዚያ ወንድሜ መልሴ ይህ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ ሰው ይከበር ማለትህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ያስተማረችህ የተውካት እናትህ ናት። ፍሬውን ይዘህ ዛፉን አትቁረጥ። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ለጥቂት ቀን ለምለም መስሎ ይታያል፤ መድረቁ ግን አይቀርም።

ለእናንተና ለራሴ ደግሞ ሌላ ቃል አለኝ። እንዲህ ያለውን ጓደኛ በክርክር ብቻ አንመልሰውም። ቅዱስ ባስልዮስ ዓለምን የረታው በቃሉ ብቻ ሳይሆን ለምጻሙን በማስተናገዱም ነው። በዶርማችሁ የታመመ ሲኖር ቀድሞ የሚጠይቀው ማን ነው? ወጪ የቸገረው ተማሪ ወደ ማን ይሄዳል? ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ የተቀመጠውን ነዳይ በስሙ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ሰው የእግዚአብሔር አርአያ መሆኑን በሥራችን ካላሳየን፣ ትምህርታችንን ሌላው በራሱ ስም ቢወስደው አንፍረድበት። ወንድሜን ከዚያች ሌሊት በኋላ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ በመጪው እሑድ ሕሙማንን ልንጠይቅ ስንሄድ አብሮን እንዲመጣ ጠይቄዋለሁ። እሺ ብሏል። በጸሎታችሁ አስቡት።

የአባቶቻችን አምላክ በሃይማኖት ያጽናን፤ የራቁትንም በቸርነቱ ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።