ብርሃንና ቀለም፤ ስለ አንድ ሕግ ወሰን

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዋጃና በአካባቢዋ ያለው አራሽ፣ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ የማሽላ ማሳውን ያጠጣል። መሬቱ መጠነኛውን ውሃ ይመጥጣል፤ ጎርፉ ሲበረታ ግን ይጠግብና ትርፉ ተሻግሮ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ይህ ዕውቀት የብርሃንን አዲስ ታሪክ ለማስተማር እንደሚያገለግል ማሳየት ነው።

በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ፣ ባለቀለም መስታወት ከሚደርስበት ብርሃን የተወሰነውን እጅ መጥጦ የቀረውን ያሳልፋል፤ ብርሃኑ ቢበረታም ቢደክምም የሚመጠጠው እጅ አይለወጥም፤ የሚያልፈውም ብርሃን የሞገድ ርዝመቱን እንደያዘ ይወጣል ብለን እናስተምራለን። ይህ ለፀሐይና ለፋኖስ ብርሃን ትክክል ነው። ጉድለቱ የሕጉን ወሰን ሳንናገር ማለፋችን ነው።

ወሰኑ በግልጽ የታየው፣ ቴዎዶር ማይማን በ1960 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን ሌዘር በካሊፎርኒያ ከሠራ በኋላ ነው። በተከታዩ ዓመት ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሌዘርን ቀይ ብርሃን በኳርትዝ ክሪስታል ውስጥ አሳለፉ። የገባው ብርሃን የሞገድ ርዝመት 694 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ ከወጣው መካከል 347 ናኖሜትር ያህል የሆነ፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ተገኘ። በፎቶግራፉ ላይ ያረፈችው ምልክት እጅግ ደካማ ስለነበረች፣ የመጽሔቱ አዘጋጆች እንደ ጉድፍ ቆጥረው እንዳጠፏት ይነገራል።

የኦርጋኒክ ቀለሞችም ጠባይ እንዲሁ ተመረመረ። ብርቱ ብርሃን ሲደርስባቸው ሞለኪውሎቹ በአንድ ጊዜ ስለሚያዙ፣ የቀረውን የሚመጥጥ ይጠፋል፤ ቀለሙ እንደ ማሳው ይጠግባል፣ ብርሃኑም ያልፋል። መምህሩ ግን ልዩነቱን ማስረዳት አለበት፤ መሬቱ ውሃውን ይዞ ይቆያል፣ የቀለሙ ሞለኪውል ግን ብዙውን ጊዜ በቢሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

በ1966 ሶሮኪንና ላንካርድ በአሜሪካ፣ ሼፈርና ባልደረቦቹም በጀርመን፣ በፈሳሽ የሟሟ ቀለም የሌዘር ብርሃን እንደሚያመነጭ አሳዩ። ይሁንና ፈሳሽ ለአያያዝ አስቸጋሪ ነው፤ ቀለሙን በመስታወት ውስጥ መጨመርም አልተቻለም ነበር፤ የንጹሕ ሲሊካ መስታወት መቅለጫ ከ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚደርስ ቀለሙን ያቃጥለዋል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ያመጡት አቭኒር፣ ሌቪና ራይስፌልድ ናቸው። እነርሱም በ1984 በኢየሩሳሌም ሮዳሚን የተባለውን ቀለም፣ ሳይቀልጥ ከፈሳሽ ውሕድ ረግቶ በሚደርቅ የሲሊካ መስታወት ውስጥ አኖሩት። ከዚያ ወዲህ ሲሊካን ከኦርጋኒክ ውሕዶች ጋር ያዋሐዱ፣ እንደ ንጹሑ መስታወት በቀላሉ የማይሰነጠቁ ድብልቅ ቁሶች ተሠሩ።

ሆኖም ችግሩ ሁሉ አልተወገደም። የቆላው ፀሐይ የነጠላን ጥለት እንደሚያነጣው ሁሉ፣ በእነዚህ ቁሶች ውስጥ ያለውም ቀለም ለብርቱ ብርሃን ሲጋለጥ ውሎ አድሮ ይከስማል። መንጣት ዘላቂ ለውጥ፣ መጥገብ ግን ጊዜያዊ ለውጥ ስለሆነ፣ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ከዚህ ታሪክ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ሕግን ያለ ወሰኑ የተማረ ተማሪ፣ ከሕጉ ውጭ የሆነ ነገር ሲገጥመው እንደ ጉድፍ ሊያጠፋው ይችላል። ስለሆነም መማሪያ መጻሕፍት ሲሻሻሉ እያንዳንዱ ሕግ ከነወሰኑ ቢጻፍ መልካም ነው። ሌዘር የሌለው የዋጃ መምህርም ትምህርቱን ከጎርፉና ከማሳው ሊጀምር ይችላል።