«የሚችል» እና «የማይችል»፤ የእርዳታ ደንብና የአካል ጉዳተኛው ሥራ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚዘልቀው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር መሬቱ ገደላማ፣ አፈሩ የተሸረሸረ፣ ዝናቡም የማይታመን ነው። ድርቅ ሲመላለስበት በኖረው በዚህ አገር የእርዳታ እህልና የጉልበት ሥራ ከተቆራኙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ከዚህም የተነሣ በየጊዜው የተለዋወጠው የእርዳታ ደንብ ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀው፣ ጥቂት መሥራት የሚችለውን የአካል ጉዳተኛ ነው።

የነገሩ ሥር ከሕጉ ትርጓሜ ይጀምራል። በ1963 ዓ.ም. ለአካለ ስንኩላን መቋቋሚያ መሥሪያ ቤት የመሠረተው ትእዛዝ ቁጥር 70፣ አካለ ስንኩል ማለት በአካል ወይም በአእምሮ ጤንነት መጓደል ምክንያት ኑሮውን ሠርቶ ማግኘት የማይችልና የሚረዳው የሌለ ሰው ነው ሲል ደንግጎ ነበር። ሕፃንና ሽማግሌም ሠርተው ማደር ካልቻሉ በዚሁ ትርጓሜ ይጠቃለሉ ነበር። በዚህ አነጋገር ጉዳትና ሥራ አለመቻል አንድ ሆኑ፤ እግሩ ተጎድቶ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው በትርጓሜው ውስጥ ስፍራ አላገኘም።

በ1986 ዓ.ም. ሁለት ሰነዶች ወጡ። አንደኛው ስለ አደጋ መከላከል የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ ሲሆን፣ መሥራት የሚችል ሰው ያለ ሥራ እርዳታ እንዳይቀበል የሚል መርሕ አቆመ። ሁለተኛው አዋጅ ቁጥር 101 ሲሆን፣ የአካል ጉዳተኞችን የመሥራት መብት አወጀ። ፖሊሲው የገጠሩን ገበሬ፣ አዋጁ የመሥሪያ ቤቱንና የፋብሪካውን ተቀጣሪ ያሰበ ስለ ነበረ፣ በአንድ ዓመት የተወለዱት ሁለቱ ሰነዶች በእርከን ሥራ ላይ ሳይገናኙ ቀሩ።

በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር፣ ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴም ታቀፉ። ተጠቃሚው በሁለት ተከፈለ፤ ጉልበት ያለው በማኅበረሰባዊ ሥራ ተሰማርቶ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ እንዲረዳ ተደረገ። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ ግራም እህል ነበር። ሥራው ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ሆኖ ሲታሰብ፣ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 25 ቀን ይደርስበታል። አባወራው የአካል ጉዳተኛ ቢሆንና ልጆቹም ሕፃናት ቢሆኑ፣ የቀኑ ሁሉ ሸክም በእናቲቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ለአንድ ሠራተኛ የቀን ጣሪያ የተበጀለት ይህ ችግር ከታየ በኋላ ነው።

ሌላው ዐቢይ ለውጥ በ2007 ዓ.ም. በአራተኛው ምዕራፍ መጣ። ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ዓመቱን ሙሉ፣ 12 ወር እንዲከፈል ተወሰነ፤ የማኅበረሰባዊ ሥራው ክፍያ ግን በ6 ወር ጸና። ሥራ ለማይሞክረው ሽማግሌና ለጽኑ ሕመምተኛ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። በከፊል መሥራት ለሚችለው ግን ደንቡ አስቸጋሪ ምርጫ ደቀነበት፤ «እችላለሁ» ቢል የስድስት ወር ቀለብ፣ «አልችልም» ቢል የዓመት ቀለብ። ሥራ ወዳድ የሆነው ሰው በመሥራቱ ተጎጂ የሚሆንበት መንገድ በዚህ ተከፈተ።

ይህ ጉዳይ መሐንዲሱን የሚመለከተው በሥራ መለኪያው በኩል ነው። በግብርና ሚኒስቴር መለኪያ አንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይጠይቃል፤ ይኸውም ለአንድ ሰው በቀን 4 ሜትር ነው። መለኪያው የተቀመረው ሙሉ ጉልበት ላለው ሰው ነው። ሆኖም እርከን አንድ ሥራ አይደለም፤ መስመር መቀየስ፣ ድንጋይ መፍለጥ፣ መሸከም፣ መደርደርና አፈር መመለስ ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለት ጤነኛ እግር የግድ የሚያሻው መሸከሙ ነው። በችግኝ ጣቢያም በላስቲክ ከረጢት አፈር መሙላትና ዘር መዝራት ተቀምጦ የሚከናወን ነው፤ የሥራ ቀን መመዝገብም፣ ሕፃናት መጠበቅም እንዲሁ። እነዚህ ሥራዎች በዕቅዱ ላይ በስማቸው ካልተጻፉና የየራሳቸው መለኪያ ካልወጣላቸው፣ የቀበሌው ኮሚቴ ሰውን የሚመዝነው በተሸካሚነቱ ብቻ ይሆናል።

አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራውን ቦታና መሣሪያ ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመቻች አዝዟል። በ2002 ዓ.ም. አገሪቱ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ይህንኑ ያጠናክራል። በጋይንት ወይም በስማዳ ተረተር ላይ ግን «ይችላል» እና «አይችልም» የሚለውን ወሰን የሚያሰምረው የሥራው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የሚጽፈው ባለሙያ የአንድን ቤት የዓመት ቀለብ አብሮ እንደሚጽፍ ሊያውቅ ይገባዋል።