«ብራ»፦ ስዊድኖች የተዋሱት «ጥሩ»

በስዊድንና በኖርዌይ ከሰው አፍ የማይጠፋ ቃል «ብራ» ነው፤ «ጥሩ» ማለት ነው። ቃሉ ግን የውሰት ነው። መነሻው እኛም ስናደንቅ የምንለው የጣሊያኑ «ብራቮ» ሲሆን፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ በኩል አልፎ በ1600ዎቹ ስዊድን ገባ። በመጀመሪያ «ብራቭ» እየተባለ ለደፋር ሰው ይነገር ነበር። እኛ «ጎበዝ» የሚለውን ለጀግናም ለተማሪም እንደምንለው ሁሉ፣ የእሱም ትርጉም ሰፋ፤ የመጨረሻው ድምፅም ወደቀ።

በስዊድንኛ ቅጽል እንደ ስሙ ጾታና ቁጥር ይለዋወጣል። «ጥሩ» የሚለው ነባሩ ቃል «ጉድ» በሌላው ጾታ «ጎት»፣ ለብዙ ደግሞ «ጉዳ» ይሆናል። «ብራ» ግን ለመኪናም ለቤትም፣ ለአንድም ለብዙም ያው «ብራ» ነው። ለማወዳደር ሲፈለግ ግን የራሱ መልክ ስለሌለው፣ ከ«ጉድ» ጋር «ቤትሬ» (የተሻለ) እና «ቤስት» (ከሁሉ የተሻለ) የሚሉትን ይጋራል።

ዴንማርኮች በበኩላቸው «ብራቭ»ን ሳያሳጥሩ ይዘው፣ ለቅንና ለጨዋ ሰው ይሉታል፤ እንደ ሌላው ቅጽልም ያረቡታል።

ስዊድንኛ የምትማሩ ወገኖቻችን ይህን ያዙ፦ ሌላውን ቅጽል ስታረቡ «ብራ»ን እንዳለ ተዉት።