የጣና ቁልፍ

ግዮን የኢትዮጵያን ምድር እንደሚከብ በኦሪት ዘፍጥረት መጻፉን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንማር ኖረናል። የዓባይ ነገር በተነሣ ጊዜ ሁሉ ግን ዛሬ የሚወራው በጉባ ስለ ተሠራው ታላቅ ግድብ ብቻ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ ያሰብነው ከእርሱ ሰማንያ ዓመት ያህል አስቀድሞ ሊሠራ ታስቦ ሳይሠራ ስለ ቀረ ሌላ ግድብ ነው። ይኸውም ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ቦታ፥ በባሕር ዳር አጠገብ፥ ሊቆም የነበረው ነው።

ዓባይ የክረምት ወንዝ ነው። አብዛኛው ውኃው የሚወርደው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሲሆን፥ በበጋ ወራት ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል። የሱዳንና የግብጽ ገበሬ ግን ውኃ የሚሻው በበጋም ነው። ስለዚህ ክረምት የወረደውን ይዞ በበጋ የሚለቅ ጎተራ ያስፈልጋል። ለዚህም ጣናን የመሰለ አልተገኘም፤ ሐይቁ ሰፊ፥ አፉ ጠባብ ነውና። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በአንድ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይጠራቀማል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ማንኛችንም በደብተራችን ላይ ሠርተን ልናገኘው እንችላለን።

ሒሳቡን ከሁሉ አስቀድመው የሠሩት እንግሊዞች ናቸው። ሱዳንን ይገዙ በነበሩበት ዘመን በጌዚራ ሜዳ ላይ ለፋብሪካዎቻቸው የሚሆን ጥጥ ማልማት ጀምረው ነበር። ለዚሁ እርሻ የሚያገለግለው የሴናር ግድብ በ1918 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያም በፊት በ1913 ዓ.ም. መሐንዲሶቻቸው እስከ ጣና ድረስ መጥተው ሐይቁን አጥንተዋል። ደግሞም ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የድንበር ውል ውስጥ፥ የዓባይን፥ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ አለ። የተከለከለው ውኃውን ፈጽሞ መድፈን ነው ወይስ ከውኃው መጠቀምም ጭምር ነው በማለት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በእኛ አስተያየት ግን ለክርክሩ ዋና ምክንያት የሆነው የቃሉ ትርጉም አይደለም። ግድቡን ያን ጊዜ የጠላው መንግሥት አልነበረም፤ እንግሊዝም ኢትዮጵያም ይፈልጉት ነበር። የሚያጣላው የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን የሚለው ነበር።

ይህ በ1918 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት እንግሊዝና ኢጣልያ ደብዳቤ ተለዋውጠው እርስ በርሳቸው ተስማሙ። እንግሊዝ የጣናን ግድብ ለመሥራት ፈቃድ ስትጠይቅ ኢጣልያ እንድትደግፋት፥ ኢጣልያም በኢትዮጵያ ምድር የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ስትጠይቅ እንግሊዝ እንድትደግፋት ነበር ስምምነቱ። የአገሩን ባለቤት የጠየቀ አልነበረም። ኢትዮጵያ ግን ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበርና አልጋ ወራሽ ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን ነገሩን ወደ ማኅበሩ አቀረቡት። የአቤቱታው ፍሬ ነገር፥ እኩል አባል የሆነ መንግሥት ሳይጠየቅ በምድሩ ላይ ሁለት መንግሥታት እንዴት ይስማማሉ የሚል ነው። ሁለቱም ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው መልስ ሰጡ። መሣሪያ ሳይነሣ በደብዳቤ ብቻ እንዲህ ያለ መልስ መገኘቱን ስናነብ ደስ ብሎናል።

ራስ ተፈሪም በደብዳቤ ብቻ አልተወሰኑም። በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ላኩ። የእኚህ ሰው ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ብቻውን የተገኘ ሕፃን ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ እንደ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው ሐኪም ሆኑ፤ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በበርማ አገለገሉ፤ ከዓድዋ ድል በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። እንግሊዝ ያሳደገቻቸው ሰው ናቸው እንግዲህ ስድሳ ዓመት ያህል ሲሆናቸው ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው ግድቡን እንግሊዝ ሳይሆን የአሜሪካው የጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ እንዲሠራው የተነጋገሩት። ወሬው በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ለንደንም ካይሮም ተሸበሩ፤ የ1894ቱ ውልም ተጠቀሰ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከእንግሊዝ ጋር ሳይነጋገር ሥራውን እንደማይጀምር አስታወቀ፤ ኩባንያውን ግን አልለወጠም። የኩባንያው መሐንዲሶችም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጥተው ሐይቁን አጠኑ። በዚህ መካከል በ1921 ዓ.ም. ግብጽና ስለ ሱዳን የቆመችው እንግሊዝ ለግብጽ 48፥ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ውኃውን ተከፋፈሉ።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ወረረች፤ የጣናም ግድብ በወረቀት ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ስለሚያውቀው ባጭሩ እናልፈዋለን። በ1952 ዓ.ም. ግብጽና ሱዳን አስዋን የሚደርሰውን 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ 55.5 ለግብጽ፥ 18.5 ለሱዳን፥ የቀረውን 10 በትነት ለሚጠፋው ብለው ደለደሉት። ከዚህ ውኃ 85 ከመቶ ያህሉ የሚሄደው ከኢትዮጵያ ቢሆንም ኢትዮጵያ በስብሰባው አልተጠራችም። መንግሥታችን ግን አስቀድሞ በ1950 ዓ.ም. መብቱ የተጠበቀ መሆኑን በጽሑፍ አስታውቆ ነበር። በዚያው ዘመን የአሜሪካ መሐንዲሶች የዓባይን ሸለቆ ለብዙ ዓመታት አጥንተው በ1956 ዓ.ም. መጽሐፋቸውን አስረከቡ፤ በሱዳን ድንበር አጠገብ ሊሠራ የሚችል ግድብም በውስጡ አለ። በዚያው አካባቢ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲሆን፥ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘውና 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

በጣናም አፍ ላይ፥ ጨራጨራ በሚባለው ስፍራ፥ አነስተኛ ግድብ ከተሠራ ቆይቷል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ እየወረደ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ቁልፉ በእጃችን ገባ። ነገር ግን ጢስ ዓባይን ለማየት በበጋ የሄደ ሰው ጢሱ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ያያል፤ ውኃው በሌላ በኩል ሄዷልና። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ቁልፍ የያዘ ሰው ለማን ከፍቶ በማን ላይ እንደሚዘጋ መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ከድንበሩ ማዶ ላለው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ግብጽ ዝናብ የሌላት አገር ናት ማለት ይቻላል። የሱዳን የሮዛሪስ ግድብም ለታላቁ ግድብ ቅርብ ጎረቤት ስለ ሆነ ጠባቂዎቹ ከላይ ምን ያህል ውኃ እንደሚለቀቅ በየቀኑ ማወቅ አለባቸው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሌት በተካሄደ ጊዜ በካርቱም አንዳንድ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች መቆማቸው ተነግሯል። ለእኛ ያ ሰሞን የደስታ ሰሞን ነበር፤ ቧንቧው የደረቀበት የካርቱም ሰው ግን ስለ ምን አልነገራችሁኝም ቢል፥ ጥያቄው ራስ ተፈሪ በ1918 ዓ.ም. ወደ ጄኔቭ ከጻፉት ብዙ የሚርቅ ሆኖ አላገኘነውም። ሦስቱ መንግሥታት በድርቅ ዓመት ምን ያህል ውኃ እንደሚለቀቅ ለመወሰን ለብዙ ዓመታት ሲደራደሩ ቆይተው፥ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያለ ስምምነት ተለያዩ።