መግነጢሳዊ የአንጎል ማነቃቂያ (ከስትሮክ በኋላ ለእግር)

ከስትሮክ በኋላ ለተገታተረ እግር ያለ ቀዶ ጥገና፣ ከራስ ቅል ውጭ የሚሰጥ ሕክምና። መሣሪያውን አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ሼፊልድ አስተዋወቁ። እግሩ የሚገታተረው ጡንቻው ስለታመመ ሳይሆን አንጎል በኅብለ ሰረሰር ላይ የነበረው ልጓም ስለላላ ነው። ራስ ላይ የሚያዘው የሽቦ ጥቅል ቅጽበታዊ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩም በአንጎል ቅርፊት ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሣል። በሰከንድ 1 ምት የነርቭ ሴሎችን ንቃት ያበርዳል፣ 5ና ከዚያ በላይ ያነሣሣል ይባላል፤ ምላሹ ግን ከሰው ሰው ይለያያል።

እግር ከእጅ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። እግርን የሚያዘው የአንጎል ክፍል በግራና ቀኝ አንጎል መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ጠልቆ የሚደርስ ባለ ሁለት ሾጣጣ ጥቅል ይመረጣል። ሕክምናው ብቻውን ተአምር አይሠራም፤ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ይሰጣል። አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ ይችላል።